ሃያ ካርቶንና አንድ ባልዲ

ከሐምሌ መግቢያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቤቴ የፊት ክፍል የእኔ አይደለም። ሶፋው ወደ ጓዳ ይገባል፣ ቴሌቪዥኑ በአንሶላ ይሸፈናል፣ ወለሉ ላይ እንጨት ይረበረብና ካርቶን ይደረደርበታል። እንጨቱ የሚረበረበው በክረምት የሆሳዕና ወለል እርጥበት ስለሚያወጣ ነው። ከሥሩ የራሰ ካርቶን ቡታጅራ ሳይደርስ ይቀደዳል። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ የተቀደደ ካርቶን አስተማረኝ።

ካርቶኖቹ የሚሄዱት ደቡብ አፍሪካ ነው። በእኛ አካባቢ እዚያ ሰው የሌለው ቤት ጥቂት ነው። እኔም አንድ ወንድ ልጅ አለኝ፤ ሱቅ ከከፈተ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። እነሱ ገንዘብ ይልካሉ፣ እኛ ቡላና ቅቤና በርበሬ እንልካለን። ዓመቱን ሙሉ ትንሽ ትንሽ ይሄዳል፤ ለመስቀል ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይልካል። ሀዲያው ያሆዴ ይበለው፣ ከምባታው መሳላ ይበለው፣ በዚያ ቀን የእናቱ ቅቤ ያልደረሰው ልጅ ይደውልና ዝም ይላል። ቢወቅስ ይሻል ነበር።

ቤቴን መሰብሰቢያ አድርጉት ብዬ የጠራሁት ሰው የለም። አዲስ አበባ ዕቃችንን ተቀብሎ፣ በጉምሩክ አሳልፎ፣ አውሮፕላን ላይ የሚያስጭንልን አንድ ትራንዚተር አለ። እሱ አንድና ሁለት ካርቶን ከያዘ ሰው ጋር መነጋገር አይወድም፤ ተሰብስባችሁ ኑ ይላል። ጎረቤቶቼ ተሰበሰቡና ማስቀመጫ ፈለጉ። የእኔ ቤት መንገድ ዳር ነው፣ አይሱዙ በሩ ድረስ ይገባል። ዕቃው እዚያ ሲደርስ ደግሞ ልጄ ተቀብሎ ለየባለቤቱ ያከፋፍላል። በዚያው ቀረ። አሁን ከሾኔም ከሺንሺቾም ይመጣሉ።

በመጀመሪያው ዓመት ደንብ አልነበረም፤ የጮኸ ቀድሞ ጫነ። ይህ ስላናደደኝ በሁለተኛው ዓመት ደንብ አወጣሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ጽሕፈቴ ባያምርም ይነበባል። ወፍራም ወረቀት ላይ በማርከር ሦስት መስመር ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩ። «ቀድሞ ያመጣ ቀድሞ ይጫናል። የሌላ ሰው ተራ መውሰድ ክልክል ነው። ዕቃ ሳይኖር ተራ የለም።» የገዛ እህቴ አንድ ዓመት ዕቃዬን በሚመጣው ሳምንት አመጣለሁ፣ እስከዚያ ተራ ያዢልኝ አለችኝ። አልያዝኩላትም። እስከ ገና ድረስ አላናገረችኝም። በገና መጣች።

ዝግጅቱ ጉልበት ይፈልጋል። በደንብ ያልደረቀ ቡላ መንገድ ላይ ይሻግታል። ከላይ ደረቁን፣ ከመሀል እርጥቡን አድርጎ የሚያመጣ ሰው ስላለ እጄን እስከ ክርኔ ጆንያው ውስጥ አስገብቼ የመሀሉን እዘግናለሁ። ጨብጬው ስለቀው ካልተበተነ ባለቤቱን አመሰግንና እመልሰዋለሁ። ያልተነጠረ ቅቤ አልቀበልም። አንድ ዓመት የአንድ ሰው ቅቤ ፈስሶ የሦስት ሰው በርበሬ አበላሸ። ከዚያ ወዲህ የቅቤ ዕቃ ክዳኑ በፕላስተር ይታሸጋል፣ በፌስታል ይጠቀለላል፣ ከዚያ ቡላ መሀል ይቀበራል፤ ቢፈስ እንኳ ቡላው ይጠጣዋል።

ቡላውም የራሱ ጣጣ አለው፤ ነጭ ዱቄት ነው። የጉምሩክ ሰዎች ነጭ ዱቄት አይወዱም። አንድ ጊዜ ሦስት ሳምንት ያዙትና ልጄ እየተመላለሰ እንሰት ምን እንደሆነ ሲያስረዳ ከረመ። ተክል ነው ሲላቸው ፍሬው ነው ወይ ይሉታል፤ አይደለም ሲል ቅጠሉ ነው ወይ ይሉታል። አሁን በየካርቶኑ ላይ ውስጡ ያለው ነገር በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይለጠፋል። የሚጽፍልኝ ጎረቤቴ የሆነ አስተማሪ ነው።

ባለፈው ዓመት ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሠላሳ ሁለት ካርቶን ተመዝግቦ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ስድስት የአንድ የሾኔ ነጋዴ ነበሩ። ይህ ሰው በርበሬና ቡላ በጅምላ ገዝቶ ይልካል፤ ወንድሙ እዚያ ለአገር ልጆች ይሸጣል። ሐምሌ አንድ ቀን ቁርሴን ሳልበላ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ቤተ ክርስቲያን እንኳ እንዲህ ማልጄ ሄጄ አላውቅም ብሎ ቀለደ። ካርቶኖቹ ግን እንከን አልነበራቸውም፤ እስከ አፋቸው ሞልተዋል፣ ቡላው ደርቋል። አንድ እስከ ስድስት ብዬ ጻፍኩት። የራሴ ዘጠነኛ ነበር። በርበሬዬ እስኪደርቅ ጠብቄ ነው፤ ቤቱ የእኔ ነው ብዬ አንደኛ አልሆንኩም።

ሠላሳ ሁለተኛዋ ከአዲሎ የመጣች ሴት ነበረች። ከዚያ በፊት አላውቃትም። ዱራሜ ላይ መኪና ቀይራ፣ ክዳኑ በነጭ ጨርቅ የታሰረ ባልዲ ጭኗ ላይ አቅፋ ነው የመጣችው። እሷ ከምባትኛ፣ እኔ ሀዲይኛ ነው የምንናገረው፤ በአማርኛ ተገናኘን። ሴት ልጇ ከሁለት ዓመት በፊት አግብታ ባሏ ወዳለበት ሄዳለች። የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው መስከረም መጀመሪያ ላይ ነው። እዚያ የሚያርሳት አክስትም እህትም የላትም፤ ባሏ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ነው የሚውለው። እናትየው ያላት አንድ ላም ናት። ባልዲው ውስጥ ያለው ቅቤ ከግንቦት ጀምሮ ጥቂት በጥቂት የተጠራቀመ፣ ለአራስ ተብሎ የተነጠረ ነው። የዘገየችው ለዚህ ነው። ይደርስላታል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ጭነቱ ነሐሴ ሃያ አምስት ይወጣል፣ ይደርስላታል አልኳት። በገዛ አፌ ነው ያልኩት።

ከሁለት ቀን በኋላ ትራንዚተሩ ደወለ። ለበዓል ከየአቅጣጫው ዕቃ ጎርፏል፣ አውሮፕላኑ ላይ ቦታ ጠቧል አለ። ለእኛ የደረሰን ሃያ ካርቶን ነው፤ እያንዳንዱም ከሃያ አምስት ኪሎ እንዳያልፍ። የቀረው ከመስቀል በኋላ ይሄዳል። ተከራከርኩት። እማማ፣ አውሮፕላኑን እኔ አልሠራሁትም አለኝ። ልክ ነው።

በደንቡ ከሆነ ከሃያ አንድ እስከ ሠላሳ ሁለት ያሉት ይቀራሉ። ደብተሬን ዘርግቼ አየሁት። በመጨረሻ ያሉት አብዛኞቹ ከሩቅ የመጡ፣ አንድ ላም ወይም ትንሽ የእንሰት ጓሮ ያላቸው ሴቶች ናቸው። ከላይ ያሉት ከገበያ ገዝተው የሚልኩ ናቸው። የሚገዛ ሰው ቀድሞ ይደርሳል፣ የሚያልብ ሰው ይዘገያል። ደንቤን ያወጣሁት ጯሂን ለማስቆም ነበር፤ በዝምታ የሚቀድም ሰው እንዳለ አላሰብኩም። ያም ሆኖ ደንብ መንገድ ላይ አይቀየርም። ሁሉንም በስልክ አስጠርቼ ለገበያ ቀን ቀጠርኳቸው።

እስኪመጡ ድረስ አንዱን ካርቶን ፈታሁት። የአንዲት የሺንሺቾ ሴት ነበር። ግማሹ ቡላና ቅቤ፣ ግማሹ ጋዜጣና አሮጌ ልብስ ነው፤ ዕቃው እንዳይንገላታ ለመወተፍ የተደረገ። ሌላ ፈታሁ፣ ያው ነው። ከነጋዴው ስድስት በቀር ሁሉም እንደዚያ ነበር። አገር አቋርጠን ጋዜጣ ስንልክ ኖረናል።

በእኛ አገር ሴቶች ዊጆ አለን። ሰባት ስምንት ሴት ሆነን የሳምንቱን ቅቤ ሁላችንም እናመጣና ለአንዷ እንሰጣለን፤ በሚቀጥለው ሳምንት ለሌላዋ። አንድ ላም ያላት ሴት ብቻዋን ብትሆን ስንት ወር የምትጠብቀውን ቅቤ በአንድ ቀን ታገኛለች። በዊጆ ቅቤው አንድ ዕቃ ውስጥ ይገባል። የማን እንደሆነ አይለይም፤ የሚለየው ልኩ ነው። እኔም ይህንን አሰብኩ። ቡላው ሁሉ አንድ ላይ ይፍሰስ፣ ቅቤው በትልልቅ ጀሪካን ይገልበጥ፣ ጋዜጣው ይውጣ፣ ካርቶኑ እስከ አፉ ይሙላ። የማን ስንት ኪሎ እንደሆነ እጽፋለሁ፤ ልጄ እዚያ በሚዛን ይሰጣል። በርበሬ ብቻ በየስሙ በፌስታል ይታሰር፤ በርበሬ የየቤቱ ነው።

በገበያው ቀን ነገርኳቸው። ትንሽ ተያዩ። ከዚያ ተስማሙ፤ መቅረትን ስለፈሩ ይመስለኛል። ነጋዴው የእኔ ሙሉ ነው፣ አልነካውም አለ። ሙሉ ስለሆነ አልነካነውም። ክረምት ስለሆነ ቅቤው ረግቷል፤ ዕቃዎቹን ሙቅ ውሃ ውስጥ እያስቀመጥን ማሟሟት ጀመርን። ተራው የአዲሎዋ ሴት ባልዲ ላይ ሲደርስ እጇን ክዳኑ ላይ አደረገች።

«የኔን አታፍሱት» አለች።

ለምን አልኳት። ቅቤ ቅቤ ነው፤ አምስት ኪሎ ከግማሽ ሰጥተሽ ልጅሽ አምስት ኪሎ ከግማሽ ትቀበላለች፣ አንዲት ማንኪያ አይጎድልባትም አልኳት። የሺንሺቾዋ ሴት በጋለ ውሃ እጇ ቀልቶ ነበርና፣ ያንቺ ላም ወርቅ ነው እንዴ የምትታለበው አለቻት። ሴቶቹ ሳቁ።

«ወርቅማ ቢሆን ቅቤ አልልክም ነበር፤ ራሴ እሄድ ነበር» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እማማ፣ ቅቤ እኮ እዚያም ይሸጣል። ልጄ ያጣችው ቅቤ አይደለም። ክዳኑን ስትከፍት የቤቷን ሽታ ካላወቀችው ለምን ይሄዳል?»

ስህተቱ የእኔ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን አልታየኝም። በዊጆ የምንሰበስበው ጥሬ ቅቤ ነው። የተነጠረ ቅቤ ግን የሰው እጅ ገብቶበታል፤ አንዷ ኮሰረት ታበዛለች፣ አንዷ ኮረሪማ ታስቀድማለች፣ አንዷ እሳቱን ታስረዝማለች። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። እያወቅሁ ሚዛኑን ብቻ አየሁ። ለእሷ ግን ያልኳት ሌላ ነው። ሠላሳ አንድ ካርቶን ደንብ ተቀብሎ ለአንቺ ለብቻሽ ሌላ ደንብ አላወጣም፤ ባልዲሽ እንዳለ ይቀመጥ፣ በመጨረሻ ቦታ ከተረፈ ይሄዳል፣ ካልተረፈ ይቀራል አልኳት።

እሺ አለች። ባልዲዋን በሩ ጥግ አስቀምጣ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ የሌሎቹን ቅቤ ስታሟሙ ዋለች። ማንም ሥሪ አላላትም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሥራ ዘጠኝ ካርቶን ተዘግቶ ነበር። ሃያኛውን ሚዛን ላይ አወጣነው፤ ሃያ አምስት ሞላ። የሁሉም ሰው ዕቃ ገብቷል። የቀረው በሩ ጥግ ያለው ባልዲ ብቻ ነው። ሚዛኑ ተሳስቶ እንደሆነ ብዬ ሃያኛውን አወረድኩትና እንደገና አወጣሁት። ሃያ አምስት ነው። ከየሰዉ ትንሽ ትንሽ ልቀንስ እችል ነበር፤ ማንም አያውቅም ነበር። ግን የእኔ አይደለም።

ሴትየዋ ሚዛኑን አየችና መጥታ ባልዲዋን አነሳች። ከመስቀል በኋላ ይሂድላት አለች። ከመስቀል በኋላ ማለት አራስነቱ ካለቀ በኋላ ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። አላለቀሰችም። የላላውን ጨርቅ እንደገና አሰረች። ሦስት ጊዜ ቋጠረችው፤ አንድ ቋጠሮ ይበቃው ነበር።

እኔ የመጀመሪያ ልጄን፣ ይሄንን ደቡብ አፍሪካ ያለውን ስወልድ ላማችን ነጥፋ ነበር። የዚያ ሳምንት የዊጆ ተራ የጎረቤቴ ነበር። ስንት ሳምንት ጠብቃ የደረሳትን ቅቤ በቅል እንዳለ አምጥታ አልጋዬ አጠገብ አስቀመጠችው። እሷ እስከሚቀጥለው ዙር ጠበቀች። ከሴቶቹ አንዳቸውም ተራ ተጣሰ አላሉም። ተራው የእሷ ነበር፤ የፈለገችውን አደረገችበት።

ተነስቼ የእኔ ዕቃ ያለበትን ካርቶን ፕላስተሩን ቀደድኩት። ስድስት ኪሎ በርበሬዬን ከነፌስታሉ አወጣሁ። ባልዲውን አምጪ አልኳት። ቡላው መሀል ጎድጓዳ አበጀሁና ቀበርኩት። ካርቶኑ ሚዛን ላይ ሲወጣ ግማሽ ኪሎ ጎደለው። ግማሽ ኪሎ በርበሬ መልሼ ልጨምርበት አሰብኩና ተውኩት።

የሾኔው ነጋዴ ካርቶኖቹ ሲጫኑ ለማየት ተመልሶ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሁሉንም አይቷል።

«እማማ፣ እንዴት ነው ነገሩ?» አለ። «እርስዎ ሲያደርጉት ቸርነት፣ እኛ ስናደርገው ደንብ መጣስ?»

«ደንቡን አንብበው» አልኩት። «የሌላ ሰው ተራ መውሰድ ክልክል ነው ይላል። የራስህን አትስጥ አይልም።»

«እንግዲያው የሚስቴ እህት ዘንድሮ አርፍዳ ሳትመዘገብ ቀርታለች። እኔም ላስገባላት?»

«አስገባላት። ከስድስቱ አንዱን አውርድና ቦታውን ስጣት።»

ካርቶኖቹን ተራ በተራ አያቸው። የሚስቱ እህት ደህና ሴት ናት፣ መጠበቅ ትችላለች አለ። የሺንሺቾዋ ሴት እንደገና ሳቀች። እኔ ማርከሬን አምጥቼ ከሦስተኛው መስመር ሥር «የራስን ተራ መስጠት ይቻላል» ብዬ ጨመርኩ። ነጋዴው አንገቱን አዘንብሎ አነበበው፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ሕግ ሆነ አለ። ከዚያ ኮቱን አውልቆ ካርቶን በመጫን አገዘን። አይሱዙው በማግስቱ ጠዋት ወጣ።

ልጄ ዕቃውን ከጉምሩክ እንዳወጣ ደወለልኝ። በርበሬዬ የለም አለ። ቀርቷል አልኩት። ለምን አለ። ተራህን ለአራስ ሰጠሁት አልኩት። ለየትኛዋ አራስ አለኝ፤ ነገርኩት። ልጅቷ የምትኖረው ከእሱ የስድስት ሰዓት መንገድ ርቃ ነው። ሰው ልላክ ብሎ አሰበና ቅቤ ይፈሳል ብሎ ራሱ ነድቶ ሄደ። ልጅቷ ከቀኗ ቀድማ ወልዳ ስምንተኛ ቀኗ ነበር። ባልዲውን ፊቷ ሲያስቀምጥላት ጨርቁን ፈትታ፣ ክዳኑን ከፍታ ትንሽ ጎንበስ አለች፤ ከዚያ መልሳ ዘጋችው። አመሰግናለሁ አላለችም አለ ልጄ፤ እስክሄድላት የምትጠብቅ መሰለኝና ተነስቼ ሄድኩ አለ።

በአንድ ላይ የፈሰሰው ቡላ ብዙ ወሬ አመጣ። አንዱ ይሄ የእናቴ ቡላ አይደለም፣ የእናቴ ይነጣል አለ። ሌላው እናቴ ዘንድሮ ጎበዘች አለ። ልጄ ለሁለቱም በሚዛን ሰጥቶ ሸኛቸው። የእሱ በርበሬ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ደረሰው። የመስቀልን ሥጋ በሱቅ በርበሬ እንደበላ እስካሁን ሁለት ጊዜ ነግሮኛል።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ የአዲሎዋ ሴት መጣች። እጇ ባዶ ነበር። የልጅ ልጇን ፎቶ በስልኳ አሳየችኝ፤ ጉንጯ የሞላ ሴት ልጅ ናት። ምሳ አቀረብኩላት። እየበላች፣ ለመስቀል አንደኛ ብለው ይጻፉኝ አለችኝ። ዕቃሽስ አልኳት። ላሟ ገና ናት አለች። በሩ ላይ ካለው ወረቀት «ዕቃ ሳይኖር ተራ የለም» የሚለውን ሦስተኛ መስመር በጣቴ አሳየኋት።

«ባለፈው ለኔ ብለው ቀይረውት የለ እንዴ?» አለች።

«አልቀየርኩትም። የራሴን ነው የሰጠሁሽ።»

ምሳዋን ጨርሳ፣ እጇን ታጥባ፣ መርቃኝ ሄደች። የተቀየመች መሰለኝ።

ሐምሌ ሦስት ቀን ባልዲዋን አቅፋ ተመልሳ መጣች፤ ያው ባልዲ፣ ያው ነጭ ጨርቅ። ከአንድ ላም እንዴት እንዲህ ቶሎ ሞላ ብዬ ጠየቅኳት። ለካ አዲሎ ላይ ከስድስት ሴቶች ጋር ዊጆ ገብታለች፤ የመጀመሪያውን ተራ ለምና ወስዳለች። ታዲያ የሰባት ሴት ቅቤ ነዋ፣ ሽታውስ አልኳት።

«ጥሬውን ነው የሰበሰብኩት» አለች። «ያነጠርኩት እኔ ነኝ።»

ክዳኑን ከፍቼ አየሁት። በደንብ ተነጥሯል። ከእሷ በፊት ሦስት ሰው ነበር፤ የሾኔው ነጋዴ እንደ ልማዱ አንደኛ። ደብተሬን ገልጬ አራተኛ ብዬ ጻፍኳት።